«ቀበሮ እንደሆነ ሞልቷል» ለሚሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። በአገራችን የዱር እንስሳት ሊጠፉ ነው የሚባለው ነገር ከልክ በላይ ተጋኗል ይላል። የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦ ኢትዮጵያ በእንስሳት የታደለች ስለሆነች ጩኸቱ የውጭ ድርጅቶች የገንዘብ መሰብሰቢያ ነው፤ ዋልያ እንደሆነ ከአደጋ መዝገብ ወጥቷል፤ ፓርክ ማለት ሰውን አፈናቅሎ እንስሳን ማስፈር ነው፤ የዝርያ መጥፋት የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ የሚጎዳበት ሰው የለም፤ ገንዘብ ከተገኘም ጎብኚ ለሚስቡት ጥቂት ትልልቅ እንስሳት ይዋል፤ ለቀሩት በየክረምቱ የምንተክለው ችግኝ ይበቃቸዋል። ብዕራቸው ጥሩ ነው፤ በአንዱ ነጥብም ከእሳቸው ጋር ነኝ። በቀሩት ላይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጸሐፊው ስለ እንስሳቱ ብዛት ብዙ ጽፈዋል፤ እያንዳንዱ እንስሳ የት እንደሚኖር ግን አንድም ቦታ አልጠየቁም።

በቀበሮው ልጀምር። «ቀበሮ እንደሆነ ሞልቷል፤ ማታ ማታ ሲጮኽ የማይሰማ የገጠር ሰው የለም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሞልቷል። ግን የትኛው? አማርኛችን በዚህ ላይ ለጋስ ነው፤ በየመንደሩ ዳር እየዞረ ዶሮና ግልገል የሚሰርቀውንም፣ ጀርባው የጠቆረውን የቆላውንም፣ ጆሮው ከራሱ የገዘፈውንም በአንድ ስም ቀበሮ ይላቸዋል። ሊጠፋ ነው የሚባለው ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ ቀይ ቀበሮ ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ በዘሩ የሚቀርበው ለተኩላ ነው፤ የሚኖረውም በኢትዮጵያ ተራሮች አናት ላይ፣ በአመዛኙ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የውርጭ ምድር ብቻ ነው። በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። ማታ የሚጮኸው የመንደር ቀበሮ ስለዚህኛው ምንም አይነግረንም፤ የሰፈር ድመት መብዛት ስለ አንበሳ ምንም እንደማይነግረን ሁሉ።

አንድ ጠዋት በባሌ ተራሮች ሳነቴ አምባ ላይ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቅጠሉ ገና በውርጭ እንደነጣ፣ አንዱን ሲያድን ቆሜ አይቻለሁ። ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ መላ ሰውነቱን ለአንድ አፍታ እንኳ ለአየር አይሰጥም። አጠገቡ ከተገለበጠው አፈር ትል የምትለቅም ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ቀበሮው በሆዱ ተስቦ ይጠጋል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ይቀስራል፣ ደግሞ ይጠጋል። ወፏ ተነሥታ በረረች፤ ፍልፈሉ ገባ፤ ቀበሮው ዘለለ። አፍንጫው ድረስ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ቆየና ባዶ አፉን ነቅሎ አስነጠሰው። አብሮኝ የቆመ የአካባቢው እረኛ ስቆ በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ» አለ፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ይህ ስም እንደወጣለት ይነገራል።

ይህን ያመጣሁት ለጨዋታ አይደለም። ቀይ ቀበሮ እንደ ጅብ ያገኘውን በልቶ የሚያድር እንስሳ አይደለም፤ ቀለቡ ፍልፈልና አይጥ ነው። ፍልፈሉ ደግሞ የሚኖረው ያልታረሰ፣ ሣሩ ያልተነቀለ የውርጭ ምድር ላይ ነው። ገብስና ድንች ተራራውን እየወጡ ሲመጡ ቀበሮው ወደ ላይ ይሸሻል፤ ተራራ ደግሞ ማለቂያ አለው። ከጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ ጠፍቷል። ከጮቄ ተነሥቶ ባሌ ድረስ ሊሻገር አይችልም፤ በመካከል ያለው ቆላ፣ ማሳና ከተማ ለእርሱ ባሕር ነው። ስለዚህ «አገሪቱ ሰፊ ናት» የሚለው የጸሐፊው ማጽናኛ ለቀይ ቀበሮ አይሠራም። እርሱ የሚያውቃት ኢትዮጵያ የጥቂት ተራሮች ራስ ብቻ ናት።

ጸሐፊው ቀጥለው በመቶ የሚቆጠር የጭላዳ መንጋ ማየታቸውን ጠቅሰው «ብርቅዬ የተባለው ሁሉ ደኅና ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም፣ የቃሉም ነው። «ብርቅዬ» እያልን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንጠራበታለን፦ በአገራችን ብቻ የሚገኘውንና ቁጥሩ የተመናመነውን። ጭላዳ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ዛሬ ግን ከመጥፋት አፋፍ ላይ አይደለም። በተቃራኒው ጥንብ አንሳ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበርራል፤ ማንም ብርቅዬ ብሎት አያውቅም፤ ሊጠፉ ከተቃረቡት መደብ ውስጥ ግን ገብቷል። ጭላዳ ስላየን ዋልያ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

ወደ ዋልያ ከመጣን፣ ጸሐፊው ሁለት መዝገቦችን ቀላቅለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 «ከአደጋ መዝገብ ወጣ» የተባለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንጂ ዋልያው አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከ21 ዓመት በኋላ ወጣ። ስለ ዋልያው የሚናገረው የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ሌላ ነው፤ እርሱም በ2020 ያደረገው የአደጋውን ደረጃ አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ነው። ከባድ ሕመምተኛ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ከሆስፒታል አልወጣም።

ከዚያስ? ከዚያ ጦርነት መጣ። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በቀጠለው ግጭት ጥበቃው ላላ፤ ጠመንጃ በዛ፤ ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ከ800 በላይ የነበረው የዋልያ ቁጥር ወደ 300 ገደማ ወረደ። ጸሐፊው የጠቀሱት መልካም ዜና በተነገረበት ጊዜ እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን ያረጀ ዜና ነው። እኛም የጥበቃ ወዳጆች ነን የምንለው ሰዎች ጥፋት አለብን፤ የመደቡን መሻሻል በጭብጨባ ተቀብለን ቁልቁለቱን በሹክሹክታ አሳለፍነው። ለብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» ብለን ስም ሰጥተን፣ ስታዲየም ውስጥ ስሙን የምንጠራው ሰዎች ከቀረው ዋልያ ስንት እጥፍ እንደምንበልጥ ማሰብ አያቅትም።

የውጭ ገንዘብ ጉዳይ ብዙ አያነጋግረኝም። የውጭ ድርጅቶች ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ አዎ። የቀይ ቀበሮው ክትትልና ክትባት አብዛኛው የሚሠራው ከውጭ በመጣ ገንዘብ ነው። ይህ የሚያሳፍር ከሆነ የሚያፍረው ቀበሮው አይደለም።

አሁን ከጸሐፊው ጋር ወደምስማማበት ልምጣ። ፓርኮቻችን የተከለሉበት መንገድ ብዙ ጊዜ በነዋሪው ላይ የተጫነ ነበር። ካርታ ላይ መስመር ተሰመረ፤ መስመሩ ውስጥ ሲያርስና ሲያግጥ የኖረው ሰው አንድ ቀን ሕገ ወጥ ሆኖ ነቃ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ የፓርክ ቢሮ የተሰባበረውና እንስሳው የታደነው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሕዝቡ እንስሳውን የሚያየው የመንግሥት ከብት አድርጎ ነበር። በሰሜን ተራሮች የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል፤ ከተራራ ላይ ገብስና በግ ተነጥሎ ከተማ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ከእነርሱ መጠየቅ ይሻላል። በዚህ ላይ ጸሐፊውን አልከራከርም።

የምከራከረው ቀጥለው ባሉት ላይ ነው፦ «እንግዲህ ወይ ሰው፣ ወይ እንስሳ» ብለው ይደመድማሉ። መንዝ ጓሳን አያውቁም ማለት ነው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ ያለ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የውርጭ ምድር ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ አባቶች ልጆች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲበቃ በሽማግሌ ውሳኔ ይከፈታል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው፣ ጓሳ የሚባለው ሣር ይታጨዳል፤ ደግሞ ይዘጋል። ያለ ጊዜው ከብት ያስገባ ሰው ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስት ሥርዓቱን ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ተናጋ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ በሌላ መልክ፣ በኮሚቴ አቋቁሞ መለሰው። ማንም ከዚያ ለቀይ ቀበሮ ሲል አልተነቀለም። ሣሩን ለጣሪያቸው ብለው ጠበቁት፤ ቀበሮው በዚያው ተረፈ።

ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ያዩት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቀይ ቀበሮ ሣር በሚግጥ የጭላዳ መንጋ መካከል እየተራመደ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን እስካልነካ ድረስ አይሸሹትም። ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ ጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቱ። ባሌ ላይም የከብት መንጋ ተከልሎ ወደ ፍልፈል ሲጠጋ ይታያል። ስለዚህ ጠቡ ከላም ጋር ብቻ አይደለም፤ የላሙ ብዛትና የሚግጥበት ጊዜ ነው ጥያቄው።

ሰውና እንስሳ ጥቅማቸው አንድ የሚሆንበት ሌላም ቦታ አለ፤ እርሱም ውሻ ነው። የባሌ እረኛ ውሻ ያስከትላል፤ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ በሽታው ሲገባ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስት ያህሉን ፈጀ። ያንኑ ውሻ መከተብ ቀበሮውንም የእረኛውንም ልጅ ያድናል። በዚህ ላይ «ወይ ሰው፣ ወይ እንስሳ» የሚባለው የቱ ጋ ነው?

«የዝርያ መጥፋት የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ አውራሪስ ጠፋ፣ ማን ተጎዳ?» ይጠይቃሉ ጸሐፊው። ጥቁር አውራሪስ ከአገራችን መጥፋቱ እውነት ነው፤ ግን ቀንዱን የቆረጠው ተፈጥሮ አልነበረም። አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉትን የ1880ዎቹ ረሃብ የለኮሰው የከብት ደስታ በሽታም ከሰማይ አልወረደም፤ እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ ወደብ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣ ነው። በሬውን ጨርሶ ወደ ዱር ተሻግሮ በመላው አፍሪካ ጎሽና አጋዘን አጨደ። በመጨረሻ በክትባት እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ሰው በእጁ ያመጣውን ነገር ሁሉ ለተፈጥሮ ማስረከብ ለጸሐፊው ሊቀልላቸው ይችላል፤ የታሪኩ ቅደም ተከተል ግን አይቀበለውም።

ማን ተጎዳ ለሚለው ደግሞ ጥንብ አንሳውን ላምጣ። በሕንድ ለከብት ሕመም የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት የሞተ ከብት የበሉ ጥንብ አንሳዎችን ኩላሊት እያፈረሰ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100ው ከ95 በላይ ፈጃቸው። ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ፤ ባለቤት የሌለው ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታም ስጋት አብሮ ከፍ አለ። እኛ ዘንድ ገዳዩ በአመዛኙ መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የተነሰነሰውን መርዝ መጨረሻ ላይ የሚበላው ጥንብ አንሳ ነው፤ አንድ የተመረዘ ሬሳ ደግሞ የሚመግበው አንድ ወፍ አይደለም። በአገራችን የሚታዩ አራት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ዛሬ ከቀይ መዝገቡ የመጨረሻ አስጊ መደብ ውስጥ ናቸው። ቄራ ጣሪያ ላይ ተደርድረው ስለምናያቸው የበዙ ይመስሉናል። አዲስ አበባ ቄራ ላይ ግን የሚሰበሰበው ከሰፊ አገር የመጣ ወፍ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ እንግዶችን ቆጥሮ የከተማውን ሕዝብ መገመት አይቻልም።

የዱር አህያም ነገር አለ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች በግንባር ቀደምትነት የምትጠራ ናት። የእነዚያ ሁሉ ዘር ምንጭ የሆነው የአፍሪካ የዱር አህያ ደግሞ በአፋርና በኤርትራ በረሃ ቢበዛ 200 አዋቂ ያህል ነው የቀረው። በአፋር ያለው ያንጉዲ ራሳ ፓርክ የታሰበው ለእርሱ ነበር።

ጸሐፊው በጣም የተዝናኑት በአምስተኛው ነጥባቸው ነው፤ «አንበሳና ዋልያ እንጠብቅ፤ ወፍና እንቁራሪት ማን ሊያይ ይመጣል?» ይላሉ። የሚመጣ አለ፤ የወፍ ጎብኚ ለአንዲት ወፍ ሲል ከአሜሪካና ከአውሮፓ ተነሥቶ ያቤሎ ድረስ ይጓዛል፤ ምክንያቱም ያቤሎና ሜጋ አካባቢ ያለው የቁራ ዘመድ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኝም። በቱሪስት ብር ብቻ መከራከር ግን የጸሐፊውን ሚዛን መቀበል ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ወደ ጣና ልሂድ።

ጣና ውስጥ ላቢዮባርበስ በሚባል ወገን ሥር ከ15 ያላነሱ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከአንድ አባት ተነሥተው እዚያው ሐይቁ ውስጥ የተለያዩ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ፤ ደግሞ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የለም! ጥርስ አልባ ሆኖ አዳኝ መሆን ምን ዓይነት ጥበብ እንደሚጠይቅ ለሳይንቲስቶች ዛሬም ትምህርት ነው። በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ከጠፋ በኋላ በዓለም ላይ ሳይፈርስ የቀረ እንዲህ ያለ የጣና ብቻ ነው። ብዙዎቹ ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ዓሣ አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን የሚዘረጋው የወንዙ አፍ ላይ ነው። እንቁላል የያዘችው ሁሉ በአንድ በር ስትገባ በሩ ላይ ትያዛለች። እምቦጩ፣ ከየማሳው የሚታጠበው አፈርና የሚገደበው ወንዝ በዚያ ላይ ይጨመራሉ። ይህ ለጸሐፊው «ማንም የማያየው» ጉዳይ ነው፤ ለባሕር ዳር ዓሣ አጥማጅ ግን የዕለት እንጀራው ነው።

እንዲያውም ያላየነው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ ተጨፍልቆ ከሞተ ወፍ አንድ ክንፍ ተገኘ። ክንፉ ከሚታወቁት የሌሊት ወፎች ጋር (ባለ ላባዎቹን ማለቴ ነው) ሲመሳከር ከአንዱም አልገጠመም፤ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። የሳይንስ ስሙ ውስጥ ያለው «ሶላላ» የሚል ቃል በላቲን «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። አገራችን ያላትን ቆጥረን ጨርሰናል ብለው ለሚጽፉ ሰው ይህቺ ክንፍ ትድረስልኝ።

የመጨረሻው ነጥብ ችግኝ ነው። «ዛፍ እንትከል፤ እንስሳው ራሱ ይመጣል» ብለው ይዘጋሉ። በየክረምቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ችግኝ የሚተከልበት አገር ውስጥ ይህን መቃወም ደፋርነት ይመስላል። የተራቆተ ገደል ላይ አገር በቀል ዛፍ ቢተከል ደስ ይለኛል፤ ሐረና ጫካ ውስጥ ቀርከሃ እየበላ የሚኖረው የባሌ ጦጣ ጫካው ካልቆየ አይቆይም። ግን ሁሉም እንስሳ የጫካ አይደለም። የቀይ ቀበሮው ሳነቴ የሣርና የጅብራ አገር ነው። ቆርኬ የሚኖርበት ሰንቀሌም ሜዳ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ሆለታ አጠገብ ያለው የበርጋ ጨፌ ውስጥ በዓለም ላይ እጅግ ከተመናመኑት ወፎች አንዷ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽ የረግረግ ወፍ፣ ክረምት ላይ በረጅሙ ሣር መካከል ትፈለፍላለች። እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ መራቢያዋ በእርግጥ የታወቀው በኢትዮጵያ ብቻ ነበር። እዚያ ጨፌ ዳር ባሕር ዛፍ ተክሎ «አረንጓዴ አደረግሁ» የሚል ሰው የጨፌውን ውኃ እያስመጠጠ ነው።

ከዚህም የባሰው ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ ነው። በሜዳው ላይ ሣር ውስጥ እየሮጠች የምትኖር፣ ስትዘምር ብቻ ወደ ሰማይ የምትወጣ፣ ከአፈሩ የማትለይ ቡናማ ወፍ አለች። ከዚያ ሌላ በጅጅጋ በኩል ጥቂት ቀርታለች፤ በቃ። ከአፍሪካ አህጉር በዘመናችን የምትጠፋ የመጀመሪያዋ ወፍ እርሷ እንዳትሆን የሚፈራ ብዙ ነው። ጠላቷ የዛፍ እጦት አይደለም። ሣሩ በከብት ብዛት ተላጨ፤ ከፊሉ ታረሰ፤ በቀረው ላይ ቁጥቋጦ ወረረው። አሁን ከዚያ አገር ሰው ጋር በመተባበር እየተሞከረ ያለው ቁጥቋጦውን መንጥሮ፣ ቦረናዎች ለጥጃ ግጦሽ የሚከልሉትን የካሎ ልማድ ተከትሎ ሣሩን ለጊዜው መዝጋት ነው። ጥጃው በበጋ ሣር ያገኛል፣ ወፏም ጎጆ መሥሪያ። ጸሐፊው አንድ ቀን ወደዚያ ወርደው፣ ገጀራ ይዘው ቁጥቋጦ የሚመነጥሩትን ሽማግሌዎች ቢያገኟቸው የዛፍ ጠላቶች ብለው ይጽፉባቸው ይሆን?